አንድ ድንች፣ ሁለት መክሰስ

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ድንች በሁለት መልክ ይሸጣል። አንደኛው የተቀቀለው ነው፤ ለሁለት ይከፈልና ዳጣ ወይም አዋዜ ይቀባል። ሁለተኛው በስሱ ተከትፎ በዘይት የተጠበሰው፣ በርበሬ ወይም ሚጥሚጣ ተነስንሶበት በትንሽ ላስቲክ የሚቋጠረው ቺፕስ ነው። ድንቹ ከአንድ ማሳ የመጣ፣ ቅመሙም በአንድ ወፍጮ ቤት የተፈጨ ሊሆን ይችላል። ሆድ ውስጥ ከገቡ በኋላ የሚሠሩት ሥራ ግን ፈጽሞ አይገናኝም።

ልጄ ትምህርት ቤት ከገባች ወዲህ ይህ ልዩነት ሐሳቤን ይዞታል። በመውጫ ሰዓት በር ላይ የሚጠብቃት ቺፕስ ነው፤ ልደት ስትጠራም ጠረጴዛው ላይ ቺፕስ አለ፤ ዘመድ ሊጠይቀን ሲመጣም ይዞላት የሚመጣው ቺፕስ ነው። «ድንች አይደል እንዴ፣ ምን ይጎዳታል?» የሚለውን ከጎረቤትም፣ ከአክስትም፣ ከአያቷም ሰምቻለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ድንች የተከበረ ምግብ ነው፤ በቂ መልስም ይገባዋል።

ከራሱ ከድንቹ ልጀምር። ጥሬ ድንች ከመቶው ሰማንያ እጅ የሚጠጋው ውሃ ነው። የቀረው በአብዛኛው ስታርች ሲሆን፣ ጥቂት ፕሮቲን፣ አሰር፣ ቫይታሚን ሲ እና ብዙ ፖታሲየም አለበት። 100 ግራም ቅቅል ድንች 87 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል፤ ቅባቱ ከአንድ ግራም ዐሥረኛ አያልፍም። 100 ግራም ቺፕስ ደግሞ 535 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል፤ ከዚያ ውስጥ 35 ግራም ያህሉ ቅባት ነው።

እንዲህ ማነጻጸር ግን ለቺፕሱ ፍትሐዊ አይደለም። አንዱ ውሃ ያዘለ፣ ሌላው የደረቀ ነውና በክብደት እኩል ቢሆኑም በድንች ብዛት አይመጣጠኑም። ስለዚህ አንድን ድንች ይዘን እንከተለው። 40 ግራም ቺፕስ የያዘች ትንሽ ከረጢት ለመሙላት 150 ግራም ያህል ጥሬ ድንች ያስፈልጋል፤ መካከለኛ መጠን ያለው አንድ ድንች ማለት ነው። ይህ ድንች ቢቀቀል 130 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጥ ነበር። ተጠብሶ ከረጢት ውስጥ ሲገባ ከ210 ያልፋል። ጭማሪው የመጣው ከዘይት ነው። 14 ግራም ዘይት፣ ማለትም አንድ ሙሉ የሾርባ ማንኪያ፣ በዚያች ከረጢት ውስጥ አለ። ለልጄ በሾርባ ማንኪያ ዘይት ቀድቼ «ጠጪ» ብላት ማን ዝም ብሎ ያየኛል? በቺፕስ መልክ ሲሆን ግን አክስቷ ራሷ ገዝታ ትሰጣታለች።

ዘይቱ እንዴት እንደሚገባ ማወቅ ለማንም ለሚጠብስ ሰው ይጠቅማል። የተከተፈው ድንች ትኩስ ዘይት ውስጥ ሲገባ ውሃው ወደ እንፋሎት ተለውጦ ይወጣል፤ የምናየው አረፋ እሱ ነው። እንፋሎቱ እየገፋ እስከወጣ ድረስ ዘይቱ ወደ ውስጥ የመግባት ዕድሉ ትንሽ ነው። ከድስቱ ወጥቶ መቀዝቀዝ ሲጀምር ግን ውስጥ የቀረው እንፋሎት ይሰበሰባል፣ ባዶ የሆኑት ቀዳዳዎችም ላዩ ላይ የተለጠፈውን ዘይት ይስቡታል። አብዛኛው ዘይት የሚገባው ከምድጃው ከወጣ በኋላ ባለችው አጭር ጊዜ ነው። በመሆኑም ወንፊቱን ዘይቱ አፍ ላይ ይዞ አጥብቆ ማራገፍና በትኩስነቱ ወረቀት ላይ መዘርጋት ብዙ ዘይት ወደ ውስጥ እንዳይገባ ያደርጋል። አቀዝቅዞ ማጥለል እምብዛም አይረዳም።

ሁለተኛው ለውጥ ጥጋብን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1995 በአውስትራሊያ የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 38 ምግቦችን እያንዳንዳቸውን 240 ኪሎ ካሎሪ በሚሰጥ መጠን ለሰዎች አብልተው፣ ለሁለት ሰዓት ያህል የጥጋብ ስሜታቸውን መዘገቡ። ነጭ ዳቦን 100 ብለው ሌሎቹን ከእሱ ጋር አወዳደሩ። ከሁሉም በልጦ የተገኘው ቅቅል ድንች ነው፤ 323 አገኘ። ቺፕስ 91 ላይ ቀረ፤ ከነጭ ዳቦም ያነሰ ማለት ነው። ከሁሉም በላይ የሚያጠግበው ምግብ፣ ውሃው ተወስዶ ዘይት ሲተካበት፣ ከማያጠግቡት ወገን ተደባለቀ። ልጄ አንድ ከረጢት ጨርሳ «እርቦኛል» ስትለኝ እየቀለደች አይደለም፤ በእርግጥም ርቧታል። እራት ላይ ግን ሽሮውንና ጎመኑን ትገፋለች፤ ጉልበቱን አስቀድማ አግኝታዋለችና። የሚያሳስበኝም ከውፍረት ይልቅ ይህ ነው። በማደግ ላይ ላለ ልጅ እያንዳንዱ ጉርሻ ብረት፣ ዚንክ፣ ፕሮቲን ይዞ መምጣት አለበት፤ ዘይትና ስታርች ብቻ ይዞ የመጣ ጉርሻ የሌላውን ቦታ ይወስዳል።

ድንች በአገራችን ታሪክ ውስጥ ያለውን ድርሻ ለሚያስብ ሰው ይህ ያሳዝናል። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1858 እንዳስገባው ይነገራል፤ ገበሬው በስፋት የተቀበለው ግን በምዕተ ዓመቱ መጨረሻ፣ በክፉ ቀን ረኃብ ምክንያት ነው። ሌላው እህል እስኪደርስ ቤተሰብን የሚያቆይ ምግብ ነበር፤ ዛሬም በጎጃም፣ በጋሞ ደጋና በአርሲ ለብዙ ቤት እንደዚያው ነው።

ወደ ዘይቱ ልመለስ። በገበያችን ሁለት ዓይነት ዘይት አለ፤ «የሚረጋው» እና «ፈሳሹ» እንላለን። የሚረጋው ከፓልም የሚሠራው ነው። ከቅባቱ ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ የሚባለው፣ በመጥፎው ኮሌስትሮል በኩል ልብን የሚያሰጋው ዓይነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ቅባት ከዕለት ጉልበታችን ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። በቀን 1,600 ኪሎ ካሎሪ ለምትፈልግ ልጅ ይህ 18 ግራም ገደማ ነው፤ በፓልም የተጠበሰች 40 ግራም ቺፕስ ብቻዋን 7 ግራሙን ትይዛለች። ከሲሶ በላይ በአንድ መክሰስ አለቀ።

«እንግዲያውስ በኑግ ዘይት ልጥበስ» የሚል ይኖራል። እኔም የኑግ ዘይት እወዳለሁ፤ ለጾም ወጥ የሚተካከለው የለም። ነገር ግን የኑግ ቅባት ከመቶው ሰባ እጅና ከዚያ በላይ ሊኖሌይክ አሲድ ነው። ይህ ለልብ ደግ የሆነ ቅባት በከፍተኛ ሙቀት፣ በተደጋጋሚ ሲጠበስበት ከአየር ጋር ተዋሕዶ ቶሎ ይበላሻል። ፓልም ደግሞ ለጤና የሚከፋው ባሕርዩ ራሱ ሙቀትን እንዲቋቋም ያደርገዋል፤ በዓለም ዙሪያ ጠባሾች የሚመርጡትም በዚህና በርካሽነቱ ነው። ስለዚህ ለቺፕስ ፍጹም ዘይት የለም። በፈሳሽ ዘይት፣ በመጠኑ፣ አንዴ ጠብሶ መተው ይሻላል።

«አንዴ ጠብሶ መተው» ማለት ለእኔ ይቀላል። በሰፈራችን ቺፕስ የምትጠብስ አንዲት እናት አለች፤ በ2014 ዓ.ም. የዘይት ዋጋ ሲንር ከእሷ ጋር ያወራነውን አልረሳም። «እትዬ፣ ይህን ዘይት ከመቼ ጀምረሽ ነው?» ብላት፣ «እህቴ፣ ዘይቱን በየቀኑ ብደፋው ልጆቼን በምን አበላለሁ? ሲጎድል እጨምርበታለሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው። አንዲት ከረጢት በጥቂት ብር የምትሸጥ ሴት ማሰሮ ሙሉ ዘይት በየማታው መድፋት አትችልም። አሮጌ ዘይት ላይ አዲስ መጨመር ግን አዲሱንም ፈጥኖ ያበላሸዋል። ብዙ የአውሮፓ አገሮች በተደጋጋሚ በተጠበሰበት ዘይት ውስጥ የሚከማቹት ፖላር የሚባሉ ውሕዶች ከ24 እስከ 27 በመቶ ሲደርሱ ዘይቱ እንዲወገድ በሕግ ያስገድዳሉ። እኛ ዘንድ የጎዳና ጠባሽ ይህን የምትለካበት መሣሪያ የላትም። ዓይንና አፍንጫ ግን አላት፤ ገዢም እንደዚያው። ዘይቱ ጠቁሮ ከወፈረ፣ አረፋው ሳይረግብ ከቆየ፣ ገና ሳይግል ከጨሰ፣ ሽታው ጉሮሮን ከያዘ ጊዜው አልፏል።

ቅመሙን እዚህ ላይ ማንሳት አለብኝ፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። በርበሬና ሚጥሚጣ የተጠበሰ ድንች ላይ ሲነሰነሱ ከማጣፈጥ ሌላ ሦስት ነገሮችን ይሸፍናሉ። የአሮጌ ዘይትን ጉምዛዜ የሚጥሚጣው ማቃጠል ይውጠዋል። ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አረንጓዴ የሆነ ድንች ሶላኒን የሚባል መራራ መርዝ ያጠራቅማል፤ መርዙ በመቀቀልም በመጥበስም በቀላሉ አይጠፋም፤ ምሬቱ ያስጠነቅቀን ነበር፣ በቅመም ብዛት ግን አይሰማንም። ሦስተኛው ቀለም ነው። ከመጠን በላይ የተጠበሰ፣ ቡናማ የሆነ ቺፕስ በርበሬ ሲለብስ ከወርቃማው አይለይም።

የቀለሙ ነገር ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የስዊድን ተመራማሪዎች፣ ስታርች ያለባቸው ምግቦች በከፍተኛ ሙቀት ሲጠበሱ ወይም ሲጋገሩ አክሪላማይድ የሚባል ንጥረ ነገር እንደሚፈጠር ይፋ አደረጉ። ድንች ውስጥ በተፈጥሮ ያለው አስፓራጂን የሚባል አሚኖ አሲድ ከስኳሮቹ ከግሉኮስና ከፍሩክቶስ ጋር ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲገናኝ ይፈጠራል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1994 «በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል ተብሎ በብርቱ ከሚጠረጠሩት» ወገን መድቦታል። ሰዎች ከምግብ በሚያገኙት መጠን ላይ የተደረጉ ጥናቶች ውጤታቸው የተለያየ በመሆኑ ልጆቻችንን በፍርሃት እንድንይዝ አላልኩም፤ ቡና ስንቆላም፣ ዳቦ ሲጋገርም ይፈጠራል። የአውሮፓ ኅብረት ግን ከ2018 ጀምሮ ለቺፕስ በኪሎ ግራም 750 ማይክሮ ግራምን መለኪያ አድርጎ አምራቾች ከዚያ በታች እንዲያወርዱት ይጠይቃል። ላቦራቶሪ ለሌለን ለእኛ ያለን ምልክት ቀለም ብቻ ነው፤ ወርቃማ ቢጫ ከሆነ ያነሰ፣ ቡናማ ከሆነ የበዛ አክሪላማይድ አለበት። በርበሬው ይህችን ምልክት ይሰውርብናል። ስለዚህ ቺፕስ ስገዛ «ያልተቀመመውን አሳዪኝ፣ ሚጥሚጣውን ከላይ አድርጊልኝ» እላለሁ። እስካሁን እምቢ ያለችኝ ሻጭ የለችም።

ጨውም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ ለልጆች ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት አማካዩ በቀን 8.3 ግራም ሆኖ ተገኝቷል። አብዛኛው የሚመጣው ከወጣችን ነውና አንዲት የቺፕስ ከረጢት ብቻዋን ጥፋተኛ አይደለችም፤ በፋብሪካ የሚመረተው 40 ግራም ቺፕስ ግማሽ ግራም ገደማ ጨው ይይዛል። በቤትና በጎዳና የሚቀመመው ግን ሁለት ጊዜ ጨው ይገባበታል። በርበሬ ሲዘጋጅ ከኮረሪማው፣ ከጥቁር አዝሙዱ፣ ከበሶብላው ጋር ጨው አብሮ ይፈጫል፤ ሚጥሚጣውም እንዲሁ። ድንቹ መጀመሪያ ጨው ይነሰነስበታል፣ ቀጥሎ ጨው ያለበት ቅመም ይጨመርበታል፤ የኋለኛውን ማንም አይቆጥረውም። ጥሬ ድንች ፖታሲየሙ ከሶዲየሙ፣ ማለትም ጨው ውስጥ ከሚገኘው ንጥረ ነገር፣ ሰባ እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ለደም ግፊት የሚበጀውም ይኸው ነው። ጨው የገባበት ቺፕስ ላይ ብልጫው ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ይወርዳል።

ማቃጠል ራሱ ግን ወዳጃችን ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከቻይና የወጣ ጥናት 606 ሰዎችን ተመልክቶ፣ የሚያቃጥል ምግብ የሚወዱት ከማይወዱት ያነሰ ጨው እንደሚበሉ አሳይቷል። ማቃጠሉ አንጎል ለጨው ያለውን ስሜት ስለሚያጎላ ትንሽ ጨው ይበቃቸዋል። እኛ የቃሪያውን ጸጋ ከጨው ጋር ፈጭተን አጣነው። ከዚህ በመነሣት በቤቴ ጨው የሌለበት ሚጥሚጣ ለብቻው አስፈጭቼ አስቀምጣለሁ። ወፍጮ ቤት ያሉት መጀመሪያ ግራ ተጋብተው ነበር፤ አሁን ለምደውታል።

ስለ ጾም አንድ ነገር ካላልኩ ጽሑፉ ጎደሎ ይሆንብኛል። ቺፕስ የጾም ነው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ የለበትም፤ በዚህም በዐቢይ ጾም ወራት ቢሮው ሁሉ በቺፕስ ይሞላል። የጾም መሆኑና የሚበጅ መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ የቆየ ሆድ መጀመሪያ የሚያገኘው ዘይትና ሚጥሚጣ ሲሆን ቃር የሚያሠቃየው ብዙ ሰው አውቃለሁ። ጾማችን ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ተልባ፣ ሱፍ ያለበት ባለጸጋ ማዕድ ነው። ያ ሁሉ እያለ ቺፕስ ቦታውን ሲይዝ አዝናለሁ።

ልጄን ቺፕስ ከልክያት አላውቅም፤ መከልከል የበለጠ ያስመኛል። በቤት ስንሠራ አብራኝ ትሠራለች። ሲገኝ «በለጠ» የሚባለውን ዝርያ እንገዛለን፤ ከሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ነው። ውሃው የቀነሰና ደረቁ ክፍል የበዛ ድንች ዘይት ብዙም አይጠጣም። ድንቹን ማቀዝቀዣ ውስጥ አናስቀምጥም፤ በብርድ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጥና ሲጠበስ ቶሎ ይጠቁራል፣ አክሪላማይዱም ይበዛል። ከከተፍነው በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ውሃ ውስጥ እንዘፈዝፈዋለን፤ ላዩ ላይ ያለው ስኳር ይታጠባል። በንጹሕ ጨርቅ አድርቀን በመካከለኛ እሳት እንጠብስና ወርቃማ ሲሆን እናወጣለን። አጥብቄ ማራገፉ የእኔ ሥራ ነው፤ ሚጥሚጣ መነስነሱ የእሷ። በሣህን ነው የሚቀርበው፤ ከከረጢት ሲበላ ስንት እንደተበላ አይታወቅም።

በአዘቦት ቀን ግን ምሳ ዕቃዋ ውስጥ የሚገባው ቅቅሉ ነው። ማታ ከነልጣጩ እቀቅለዋለሁ፤ ቫይታሚን ሲውና ፖታሲየሙ ወደ ውሃው እንዳይወጡ ልጣጩ ይከላከላል። አድሮ ሲቀዘቅዝ ከስታርቹ የተወሰነው ትንሹ አንጀት ሊፈጨው ወደማይችለው ዓይነት ይለወጣል፤ ይህ በደም ውስጥ ስኳር በዝግታ እንዲጨምር ያደርጋል፣ ለትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎችም ምግብ ይሆናል። ጠዋት ቆራርጬ ሎሚና ጨው የሌለበትን ሚጥሚጣ ጣል አደርግበታለሁ፤ አንዳንዴም የተቀቀለ ሽምብራ እቀላቅልበታለሁ። ጓደኞቿ እየተጋሯት ባዶ ዕቃ ይዛ ትመለሳለች።

በወላጆች ስብሰባ ላይ ቺፕስ ሻጮች ከትምህርት ቤቱ በር እንዲባረሩ ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ተቃወምኩ። እነዚህ ሴቶች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚያ ነው፤ ቢባረሩም ቺፕሱ ከሱቁ መደርደሪያ አይጠፋም። ያቀረብኩት ሐሳብ ከቺፕሱ ጎን ቅቅል ድንች በዳጣ እንዲሸጡ ነው። አንዷ እናት ያነሣችው ሥጋት ግን ትክክል ነበር። ቺፕስ ደረቅ ስለሆነ በቀላሉ ተሕዋስያን አያፈራም፤ ቅቅሉ እርጥብ ነው፣ በእጅ ይከፈላል፣ ዳጣውም አቧራ ላይ ክፍቱን ይውላል። ስለዚህ ድንቹ ከነልጣጩ በክዳን ዕቃ እንዲቀመጥ፣ በመቆንጠጫ እንዲነሣ፣ ዳጣው በጠርሙስ ሆኖ በላዩ እንዲፈስ፣ ጠዋት የተቀቀለው ማታ እንዳይሸጥ ተስማማን። የእጅ መታጠቢያ ውሃውን ከግቢው ቧንቧ እንዲወስዱ ትምህርት ቤቱ ፈቅዷል። ለመቆንጠጫውና ለክዳን ዕቃው መግዣ ወላጆች ገንዘብ እያዋጣን ነው።